ካርዱና ስሎቱ፦ ለአሮጌ ዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛት በፊት ማወቅ የሚያስፈልገን የ40 ዓመት ታሪክ

ዕድሜው 10 ዓመት ያለፈው ዴስክቶፕ ያለው ሰው ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ጊጋ ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ግን መምጣት የነበረበት መጨረሻ ላይ ነው። ከሱ በፊት ሌሎች አሉ። ካርዱ ስሎቱ ውስጥ ይገባል ወይ? ከገባስ ኤሌክትሪኩ ይበቃዋል? ከፕሮሰሰሩ ጋር በሙሉ ፍጥነቱ ይነጋገራል? ኮምፒውተሩ ሲነሳስ ያውቀዋል? ከእነዚህ አንዱ ላይ የተሳሳተ ሰው ብዙ ወር ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ የማይሠራ ዕቃ ይዞ ይቀራል።

እነዚህ ጥያቄዎች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከ1981 ጀምሮ መሐንዲሶችና ድርጅቶች የወሰኑት ውሳኔ ትቶት ያለፈው አሻራ ናቸው። ታሪኩን ያወቀ ሰው የሚገዛውን ሳይሸመድድ ራሱ ማመዛዘን ይችላል። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስክሪን የማያውቀው ማዘርቦርድ

አይቢኤም በ1981 "ፒሲ" ብሎ ያወጣው ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ስክሪን የሚያሠራ ምንም ነገር አልነበረውም። በምትኩ አምስት ስሎቶች ነበሩት። ምስል ማየት የፈለገ ሰው ካርድ ለብቻው መግዛት ነበረበት። ምርጫው ሁለት ነበር። ኤምዲኤ የሚባለው ካርድ ጥርት ያለ ጽሑፍ ያሳያል፣ ሥዕል ግን አይችልም። ሲጂኤ የሚባለው ደግሞ ባለቀለም ሥዕል ይችላል፤ ነገር ግን 320 በ200 ነጥብ ላይ በአንድ ጊዜ አራት ቀለም ብቻ ነበር የሚያሳየው።

አይቢኤም አንድ ሌላ ትልቅ ነገር አደረገ። የኮምፒውተሩን የሰርኪዩት ንድፍ በመመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ስለዚህ የስሎቱ እያንዳንዱ ፒን ሥራው ምን እንደሆነ ማንም ማወቅ ይችል ነበር። ማንም ካወቀ ደግሞ ማንም ካርድ ሊሠራ ይችላል።

ከሠሩት አንዱ ቫን ሱዋኑኩል ነው። የዶክትሬት ጽሑፉን በታይ ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ ፈለገ፤ ግን አልተቻለም። የኤምዲኤ ፊደሎች በፋብሪካ ተቀርጸው የገቡ 256 ምልክቶች ናቸው፣ አይለወጡም። የሲጂኤ ነጥቦች ደግሞ ለታይ ፊደል በቂ ጥራት የላቸውም። እሱም በ1982 ሄርኩለስ የተባለ ድርጅት ከአጋሩ ጋር መሥርቶ 720 በ348 ነጥብ የሚያሳይ ካርድ አወጣ። ካርዱ በመላው ዓለም በብዛት ተሸጠ።

ይሄ ችግር ለእኛም ቅርብ ነው። የፊደል ገበታችን ላይ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች 95 ናቸው። ድምሩ 326 ነው፤ 256 ቦታ ላይ አይገባም። ዲቃላዎቹን ገና አልቆጠርንም። ሥዕል መሣል በማይችል ካርድ ላይ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍን አንድ ላይ በሙሉ ማሳየት በቁጥር ብቻ የማይቻል ነበር ማለት ነው። በ1984 የወጣው ኢጂኤና በ1987 የወጣው ቪጂኤ ግን ፊደል ከሶፍትዌር እንዲጫን ፈቀዱ፤ በአንድ ጊዜም እስከ 512 ምልክት ያዙ። ግራፊክስ ካርድ ከጌም በፊት የፊደል ጉዳይ ነበር።

ኢጂኤ ሌላም ነገር አመጣ። ከሱ ጀምሮ ግራፊክስ ካርድ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ያንን ፕሮግራም ያስነሳዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የተዘጋው በር

በ1984 አይቢኤም ስሎቱን ከ8 ቢት ወደ 16 ቢት አሳደገ። ያደረገው ብልህ ነገር ነበር፦ የድሮውን ስሎት አልነካውም፣ ከጎኑ ተጨማሪ ቁራጭ ቀጠለለት። ስለዚህ አብዛኛው የድሮ ካርድ በአዲሱ ስሎት ገብቶ ሠራ። ይሄ ስሎት ኋላ አይሳ ተብሎ ተጠራ።

በ1987 ግን አይቢኤም ሐሳቡን ለወጠ። ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ማይክሮ ቻናል የተባለ አዲስ ስሎት ይዞ መጣ። በቴክኒክ ከአይሳ የተሻለ ነበር። ሁለት ጣጣ ግን ነበረው፦ የድሮ ካርድ አይቀበልም፣ ሌላ አምራች ሊሠራው ሲፈልግ ደግሞ ለአይቢኤም ክፍያ መፈጸም አለበት። በ1988 በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ ድርጅቶች ተባብረው ኢአይሳ የተባለ የራሳቸውን ስሎት አወጡ፤ እሱም የአይሳ ካርዶችን ይቀበላል። ኢአይሳ ውድ ስለነበር ከሰርቨሮች ውጭ ብዙም አልተስፋፋም። ማይክሮ ቻናል ግን የኮምፒውተሩን ዓለም መሪነት ለአይቢኤም ሳይመልስለት ቀረ።

ያ ውሳኔ ለገዢ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። የገዛችሁት ካርድ ያለ ምንም ብልሽት፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ዋጋ የለውም ማለት ነው። በኮምፒውተር ታሪክ "ተስማሚነት" የሚባለው ቃል ክብደት ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ፍጥነት ሲያጥር

ዊንዶውስ ሲስፋፋ ስክሪኑ በሙሉ ሥዕል ሆነ፤ አይሳ ደግሞ ቀርፋፋ ነበር። በ1992 ቬሳ የተባለው ማኅበር ካርዱን በቀጥታ ከ486 ፕሮሰሰር ጋር የሚያገናኝ ረጅም ስሎት አወጣ። ፈጣን ነበር፤ ግን ከአንድ ፕሮሰሰር ባሕርይ ጋር ስለተጣበቀ በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ዕድሜው አጠረ።

በዚያው በ1992 ኢንቴል ፒሲአይን አስተዋወቀ። በሴኮንድ እስከ 133 ሜጋባይት ያስተላልፋል፣ ከየትኛውም ፕሮሰሰር ጋር ይሠራል። እያንዳንዱ ካርድም አምራቹንና ዓይነቱን የሚናገር መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ካርድ የሚያስገባ ሰው ትንንሽ ጃምፐሮችን በእጁ እየነቀለና እየሰካ ነበር ካርዶቹ እንዳይጋጩ የሚያደርገው።

ፒሲአይ ግን ሁሉም ካርድ የሚጋራው አንድ መንገድ ነው። የሦስት አቅጣጫ ጌም ሲመጣ መንገዱ ተጨናነቀ። ስለዚህ ኢንቴል ለግራፊክስ ብቻ የሆነ ኤጂፒ የተባለ ስሎት አወጣ፤ በ1997 በማዘርቦርዶች ላይ ታየ። ፍጥነቱ ከ266 ሜጋባይት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እስከ 2,133 ሜጋባይት በሴኮንድ ደረሰ።

ኤጂፒ ላይ ግን አደገኛ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ በ3.3 ቮልት፣ ቀጥለው የመጡት ደግሞ በ1.5 ቮልት ይሠሩ ነበር። የተሳሳተ ካርድ እንዳይገባ ተብሎ የካርዱ እግር ላይ ክፍተት፣ ስሎቱ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ ተሠራ። ሆኖም አንዳንድ ካርዶች ክፍተታቸው ለሁለቱም እንደሚሆን እያሳየ በውስጣቸው ግን 3.3 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። እነሱን 1.5 ቮልት ብቻ የሚችል ማዘርቦርድ ላይ መሰካት ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችል ነበር። "ከገባ ይሠራል" የሚለው አባባል ያኔም ልክ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ካርዶች ኤሌክትሪክ እየራባቸው መጡ። በ2002 የወጣው ሬዲዮን 9700 ፕሮ ከስሎቱ የሚያገኘው ስላልበቃው ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ ይሰካለት ነበር።

አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ትውልድ

አሁን ያለንበት ዘመን የተጀመረው በ2004 ፒሲአይ ኤክስፕረስ በማዘርቦርዶች ላይ ሲመጣ ነው። የጋራ መንገድ ቀርቶ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ መስመሮች ኖሩት። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ትልቁ ስሎት እስከ 16 መስመር ይይዛል። የመጀመሪያው ትውልድ በአንድ መስመር፣ በአንድ አቅጣጫ 250 ሜጋባይት በሴኮንድ ያሳልፋል። በ2007 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ 500፣ በ2010 የወጣው ሦስተኛው ወደ 1,000፣ በ2017 የወጣው አራተኛው ደግሞ ወደ 2,000 ሜጋባይት።

እዚህ ላይ የማይክሮ ቻናል ትምህርት በደንብ ተወስዷል። የስሎቱ ቅርጽ አልተለወጠም፤ አዲስ ካርድ አሮጌ ስሎት ላይ፣ አሮጌ ካርድም አዲስ ስሎት ላይ ይገባል። ሁለቱ ተነጋግረው በሚችሉት ዝቅተኛ ፍጥነት ይስማማሉ። ግን ቅርጹ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ከዓይን ተደበቀ። ድሮ ያልተስማማ ካርድ አልገባም ብሎ ይነግራችሁ ነበር፤ ዛሬ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ በዝምታ ግማሽ አቅሙን ይበላል።

እንግዲህ በአንድ እውነተኛ ማሽን እንፈትነው። በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። መስመሮቹ የሚመጡት ከፕሮሰሰሩ ስለሆነ ትውልዱን የሚወስነው የተሰካው ፕሮሰሰር ነው። ኮር አይ5 3470 ካለው ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ የ2011ዱ ኮር አይ5 2400 ከሆነ ግን ሁለተኛ ነው።

አሁን በ2022 የወጣውን ሬዲዮን አርኤክስ 6400 እናምጣ። 53 ዋት ብቻ ስለሚበላ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፣ አጭር ቁመት ያለውም ይገኛል። ለአሮጌ ማሽን የተሠራ ነው የሚመስለው። ነገር ግን የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ነው። በአራተኛ ትውልድ ማሽን ላይ ወደ 8 ጊጋባይት በሴኮንድ ያገኛል። በሦስተኛው ላይ 4፣ በሁለተኛው ላይ 2 ይሆናል። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 በአንጻሩ 16 መስመር ስላለው በሁለተኛው ትውልድ ማሽን ላይ እንኳ 8 ጊጋባይት በሴኮንድ ያገኛል። አዲሱ ካርድ አሮጌው ማሽን ላይ ከቀዳሚው አንድ አራተኛ መንገድ ብቻ አለው ማለት ነው። ሁለቱም 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው፤ "ስንት ጊጋ ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ይሄን ልዩነት በጭራሽ አያየውም። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ዳታው በዚያች ጠባብ መንገድ መመላለስ ስለሚጀምር ጌሙ መንተባተብ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጊጋው ራሱም ሊያታልል ይችላል። በ2017 የወጣው ጂቲ 1030 ባለ2 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነበር፤ ሜሞሪው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያንቀሳቅሳል። በ2018 በዚያው ስም፣ በዚያው 2 ጊጋባይት፣ ግን በዲዲአር4 ሜሞሪ ሌላ ወጣ። የሱ ወደ 17 ጊጋባይት በሴኮንድ ወረደ።

ታሪኩ ጥያቄ ሲሆን

ታዲያ ብር ከማውጣታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ኬዙን ክፈቱና ለኩ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 በተለያየ መጠን ይመጣል፤ በቀጭኑ ኬዝ ውስጥ የሚገባው አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው። የብረት ማሰሪያውም አጭሩ አብሮ መኖሩን ሻጩን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የ7010 ትልቁ ኬዝ 275 ዋት፣ ቀጭኑ 240 ዋት ነው። ስሎቱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ምረጡ። ጂቲኤክስ 1650 ብዙዎቹ ገመድ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹ ግን ይፈልጋሉ፤ ካርዱን አገላብጣችሁ እዩ። ከሳታ ገመድ ወደ ባለስድስት ፒን የሚቀይር አዳፕተር ቢሰጧችሁ እምቢ በሉ፦ የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለስድስት ፒኑ ደግሞ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። ያ ልዩነት ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ሦስተኛ፣ የፕሮሰሰራችሁን ትውልድና የካርዱን የመስመር ብዛት አገናኙ። ማሽኑ ባረጀ ቁጥር መስመር የበዛበት ካርድ ይሻላል።

አራተኛ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ። ካርዱ ይዞት የሚመጣው ትንሽ ፕሮግራም ለባዮስ የተጻፈ ነበር፤ ዊንዶውስ 8 በወጣበት በ2012 አካባቢ ኮምፒውተሮች ባዮስን በዩኢኤፍአይ እየተኩ ነበር። አሮጌ ማሽንና አዲስ ካርድ በዚህ ምክንያት ሳይግባቡ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ባዮስ ወደ መጨረሻው እትም አድሱ፤ ሲቻል ደግሞ ካርዱን ራሳችሁ ማሽን ላይ አስሞክሩ። የኢንቴል አርክ ካርዶች ደግሞ በደንብ የሚሠሩት ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ቅንብር ባላቸው ማሽኖች ላይ ነው፤ ኢንቴል ራሱ የሚመክረው ከ10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ጀምሮ ነው። ለ2012 ማሽን አይሆኑም።

አምስተኛ፣ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ አርኤክስ 6400ም ሆነ ጂቲ 1030 ቪዲዮ ጨምቆ የሚያወጣ ክፍል በውስጣቸው የላቸውም፤ ሥራው ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ስድስተኛ ላይ ነው "ስንት ጊጋ ነው?" የሚመጣው፤ "የምን ዓይነት ሜሞሪ?" ከሚለው ጋር። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የቺፑን ትክክለኛ ማንነት፣ የሜሞሪውን ዓይነትና ካርዱ በስንት መስመር እየሠራ እንደሆነ ያሳያል፤ የድሮ ቺፕ ላይ አዲስ ስም ተጽፎበት የሚሸጥ ካርድንም ብዙ ጊዜ ይለያል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ሻጩ ፊት ሆናችሁ ብታደርጉት ደግሞ ብሩ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።