በእንግሊዝኛ የግምትና የመላ ምት ቃላት ታሪክ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ተማሪው በሳይንስ መጽሐፉ «ሃይፖተሲስ» የሚል ቃል ሲያገኝ መምህሩ «መላ ምት» ብሎ ይፈታለታል፤ «ገስ» ለተባለውም ቃል ፍቺው ይኸው ነው። ሁለቱ ቃላት ግን የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው።

«ገስ» በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ወገን የገባ የተራው ሕዝብ ቃል ነው። በ1400 እ.ኤ.አ. የሞተው ባለቅኔ ጆፍሪ ቾሰር «ይመስለኛል» ለማለት ይጠቀምበት ነበር። የ19ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛውያን ይህንኑ የአባቶቻቸውን አነጋገር የአሜሪካኖች ብልሹነት ነው ብለው መንቀፋቸው የሚያስገርም ነው። «ሰፖዝ» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን፣ «ሃይፖተሲስ» ደግሞ ከግሪክ የመጡ ሲሆኑ፣ የሁለቱም ሥር «ከታች ማኖር» ማለት ነው፤ ይኸውም ለክርክር መሠረት የሚሆን ሐሳብ ማስቀመጥ ነው።

ይሁን እንጂ «ሃይፖተሲስ» ሁልጊዜ የተከበረ ቃል አልነበረም። በ1543 እ.ኤ.አ. የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ሲታተም ኦሲያንደር ስሙን ሳይገልጽ ባስገባው መቅድም፣ የሥነ ፈለክ ሃይፖተሲስ ለስሌት ከጠቀመ እውነት መሆን አያስፈልገውም አለ። ሮበርት ሁክም በ1665 ማይክሮግራፊያን ሲያወጣ፣ በውስጡ ያሉት ግምቶች የእርሱ እንጂ የሮያል ሶሳይቲ እንዳልሆኑ አስቀድሞ አስታወቀ። ኒውተን በ1713 በወጣው የፕሪንኪፒያ ሁለተኛ እትም ስለ ስበት መንሥኤ ሃይፖተሲስ እንደማይፈጥር ጻፈ፤ በ1704 ባወጣው ኦፕቲክስ ግን ያልተረጋገጡ ሐሳቦቹን በጥያቄ መልክ አቅርቧቸው ነበር። ቃሉን ሸሸ እንጂ ሥራውንስ አልተወም። በ1840 ዊልያም ሂዩዌል ግኝት ያለ ግምት እንደማይገኝ፣ ቁም ነገሩም ግምቱን ከተጨባጩ ነገር ጋር ማመሳከር መሆኑን በሰፊው አስረዳ።

አማርኛችን «መላ መታ» ሲል ለ«ገስ» ይቀርባል። ስለዚህ የማመሳከሩን ነገር መምህሩ በቃል ሊጨምርበት ይገባል። «ተክል ብርሃን ይወዳል» ማለት ለመለካት አይመችም። «በጨለማ የበቀለ የባቄላ ቡቃያ በብርሃን ከበቀለው ያጥራል» የሚለው ግን በማስመሪያ ይለካል፤ ከቀናት በኋላም በጨለማ ያለው ገርጥቶና ቀጥኖ፣ ረዝሞም ይገኛል።