ከአርጩሜ እስከ ካርቦን ቃጫ፤ የእንግሊዝ ወንዝ ዓሣ አጥማጆች ዘንግ ታሪክ

ትሬንት የተባለው ወንዝ ከመካከለኛው እንግሊዝ ኮረብታዎች ተነሥቶ፣ የሸክላ ዕቃና የቢራ ፋብሪካዎች የበዙባቸውን ከተሞች እያቋረጠ፣ በኖቲንግሃም በኩል አልፎ በሐምበር ወሽመጥ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓባይና በአዋሽ ልክ ማሰብ ለለመደ አንባቢ ታላቅ ወንዝ ሊባል አይችልም። ሆኖም በዳርቻው የኖሩ የዳንቴልና የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አንድን የምህንድስና ጥያቄ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሲያነሡና ሲጥሉ ኖረዋል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አራት ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ ሲያዝ የማያደክም፣ በሠላሳ ሜትር ርቀት ውኃ ላይ የተኛን ክር በቅጽበት የሚያነሣ፣ ነገር ግን አንድ ኪሎ ግራም ብቻ የሚሸከመውን ያን ቀጭን ክር የማይበጥስ ዘንግ ከምን ይሠራል?

እንግሊዞች የወንዝ ዓሣን በሁለት ማዕረግ ከፍለውት ኖረዋል። ሳልሞንና ትራውት የባላባቱ ዓሣዎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ሮች፣ ቸብ፣ ዴስ፣ ብሪምና ባርብል «ተራ ዓሣ» ተብለው ለሠራተኛው ተተዉ። ባርብል በጣናና በዓባይ ከሚገኙት የባርበስ ዓሣዎች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ክፍፍል ተከትሎ ነበር፤ ለተራ ዓሣ የመራቢያ ዕረፍት የተደነገገው በ1878 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 የሚቆየው ይህ ዕረፍት በወንዞች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል። የሼፊልድ አጥማጆች ማኅበር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1869 ተቋቁሞ ነበር። በዕረፍት ቀን በባቡር ተጭኖ ወደ ወንዝ የሚሄደው ሠራተኛ ለመሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚጠይቀው አገልግሎት ግን ብዙ ነበር። የተራ ዓሣ ዘንግ ታሪክ ከሳልሞን ዘንግ ታሪክ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚጥመው ስለዚህ ነው።

ስለ ዘንግ አሠራር በእንግሊዝኛ የታተመው ቀዳሚ ጽሑፍ በ1496 የወጣው ድርሳን ነው። ጁሊያና በርነርስ የምትባል መነኩሲት ደረሰችው ይባላል፤ ይህ ግን እርግጥ አይደለም። ድርሳኑ ሐዘል ወይም አኻያ በብርዱ ወራት ተቆርጦ፣ በምድጃ ሙቀት ተቃንቶ፣ ከወፍራም እንጨት ጋር ታስሮ እንዲደርቅ ያዝዛል። ከዚያም በጋለ ብረት ውስጡ ተቦርቡሮ ባዶ እንዲሆን ይደረጋል። የመቦርቦሩ ዓላማ የዘንጉን ጫፍ በውስጡ ከቶ ለመደበቅ ነው፤ አጥማጁ በመንገድ ሲሄድ ከዘራ የያዘ እንጂ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ አይመስልም። ዓላማው ድብብቆሽ ቢሆንም የተገኘው ውጤት ግን ባዶ ቱቦ ነበር። በመታጠፍ ጊዜ ሸክሙን የሚወስደው የዘንግ ቆዳ እንጂ እምብርቱ እንዳልሆነ ለማወቅ ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን ክሩ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ሆኖ በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰር ስለ ነበር፣ አጥማጁ የሚደርስበት ርቀት ዘንጉና ክሩ ተደምረው ከሚሆኑት ርዝመት አያልፍም። ይህን የለወጡት የኖቲንግሃም ሰዎች ናቸው። ከእንጨት የተሠራ፣ በአንድ ወፍራም ሽቦ ላይ ያለ ጥርስ በነፃ የሚሽከረከር መዘውር ከዘንጉ ሥር አሰሩ። ቡሽ ወይም የላባ አገዳ ተንሳፋፊ አድርገው፣ ትል የሰካ መንጠቆ ከሥሩ አንጠልጥለው፣ ወንዙ ራሱ ክሩን ከመዘውሩ እየሳበ እንዲወስድላቸው ለቀቁት። የኖቲንግሃሙ ዊሊያም ቤይሊ ይህን ዘዴ በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ አስተማረ። በመቶ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ በሄንሪ ኮክሰን ንድፍ መሠረት የሬዲች ከተማው ኦልኮክ ኩባንያ «ኤሪያል» የተባለውን በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ ቀላል መዘውር ሠርቶ አወጣ። የብስክሌት ጎማን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ዘዴው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው ከውኃው ጠባይ ላይ ነው። የወንዝን ፍሰት የለካ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው የወንዝ ፍጥነት ከላይ እስከ ታች አንድ አይደለም። አማካዩ ፍጥነት የሚገኘው ከላይ ወደ ታች በጥልቀቱ ስድስት አሥረኛ ገደማ ላይ ነው፤ በወለሉ አጠገብ ያለው ውኃ ከገጹ በብዙ ይዘገያል። ዓሣውም ጉልበቱን ለመቆጠብ የሚያርፈው በዚያ በዘገምተኛው ውኃ ውስጥ ነው። እንግዲህ ተንሳፋፊው በገጹ ፍጥነት ከሄደ፣ ከሥሩ ያለውን ትል ከተፈጥሮው ፍጥነት በላይ እየጎተተ ያልፋል፤ የበሰለ ዓሣ ይህን አይነካም። ስለዚህ አጥማጁ በአውራ ጣቱ መዘውሩን እየገታ ተንሳፋፊውን ማዘግየት አለበት። በዚህ መካከል ክሩ በውኃ ላይ ከተኛ ወንዙ ቀስት አስመስሎ ያጎብጠውና ተንሳፋፊውን ከመሥመሩ ያስወጣዋል። ይህን ለማቃናት ክሩን ከውኃው ላይ አንሥቶ ወደ ላይኛው ወንዝ መልሶ ማስተኛት ያሻል፤ ይህም የሚቻለው በረጅም ዘንግ ነው። ለተንሳፋፊ ዘንግ ርዝመት ጌጥ ሳይሆን ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ርዝመት ግን በነፃ አይገኝም። በ11 ጫማና በ13 ጫማ ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም ከአንድ ዓይነት ነገር በተመሳሳይ ቅርጽ ተሠርተው ውፍረታቸውም ከርዝመታቸው ጋር በእኩል ቢያድግ፣ በእጅ አንጓ ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኀይል በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ማለትም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ ሳይጨመር ርዝመቱ ብቻ ቢጨመር ደግሞ ዘንጉ ይልፈሰፈሳል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ዘግይቶ ይከተላል፤ ተንሳፋፊው ሰምጦ አጥማጁ ሲያነሣ ዓሣው ትሉን ተፍቶ ሄዷል።

ከደቡብ አሜሪካ ከጉያና የመጣው ግሪንሃርት የተባለ እንጨት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነበር። ጠንካራና ግትር ነው፤ ነገር ግን ውኃ ላይ እስከማይንሳፈፍ ድረስ ከባድ ከመሆኑም ሌላ አንዳንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ከመካከሉ ይሰበር ነበር። ለሳልሞን አጥማጅ በሁለት እጅ ስለሚይዘው አገለገለው። ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ ለሚይዝ የትሬንት አጥማጅ ግን ሸክም ነበር።

ሁለተኛው መልስ ቀርከሃ ነው። የፔንሲልቬኒያው ሳሙኤል ፊሊፕ በ1840ዎቹ ቀርከሃን ሰንጥቆ መልሶ በማጣበቅ ዘንግ መሥራት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የሜይኑ ሃይረም ሌናርድ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጣቂዎችን ገጥሞ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ የማውጣቱን ሥራ ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። በእንግሊዝም በ1872 በአኒክ ከተማ የተቋቋመው የሃርዲ ወንድማማቾች ድርጅት ሥራውን ተቀበለ። የጥበቡ ቁም ነገር ይህ ነው፤ የቀርከሃ ብርቱ ቃጫ የሚገኘው በቆዳው በኩል ነው፤ ስንጥቆቹ ቆዳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሲገጠሙ፣ መታጠፍ ከሁሉ በላይ በሚያስጨንቀው ቦታ ላይ ከሁሉ የበረታው ነገር ይቀመጣል። በአገራችን የቀርከሃ ወንበር ወይም ቅርጫት ሲሠራ ያየ ሰው ከቆዳው የተላጠው ስንጥቅ ከውስጠኛው ምን ያህል እንደሚለይ ያውቃል። ለዘንግ የተመረጠው ግን «ቶንኪን» የሚባለው ነው፤ ስሙ የቬትናም ቢሆንም የሚበቅለው በቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ነው።

ቀርከሃ ስንጥቅም ቢሆን በ13 ጫማ ርዝመት ከበድ ይላል። ስለዚህ ሥራ ያስተማረው የመቀላቀል ብልሃት መጣ። በኖቲንግሃሙ ዋሊስ ስም የተጠራውና ኦልኮክ የሠራው ባለ 11 ጫማ ዘንግ፣ እጀታው ካልተሰነጠቀ ሙሉ ቀርከሃ፣ መካከሉና ጫፉ ከስንጥቅ ቀርከሃ የተሠራ ነበር። ሌሎችም ለርዝመት ሲሉ ቀላሉን የስፔን ሸምበቆ ከታች፣ ስንጥቁን ከላይ አደረጉ። በዘመኑ ከነበሩት መፍትሔዎች ሁሉ ይህ ከሁሉ የተዋጣለት ይመስላል፤ ውዱን ነገር በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ማዋልን ያወቀ ነውና።

በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር የሚደረገውን ንግድ ስትከለክል የቶንኪን ቀርከሃ ወደዚያ አገር መግባቱ ቆመ። ይህም አስቀድሞ የተጀመረውን የመስተዋት ቃጫ ሥራ አፋጠነው። የኦሃዮው ኬሚስት አርተር ሃዋልድ በጦርነቱ ዘመን የቀርከሃ ዘንጉ ጫፍ ቢሰበርበት፣ ምትክ በማጣቱ የመስተዋት ቃጫን በሙጫ አጣብቆ ጫፍ ሠራለት። ከዚህ የተነሣው የሼክስፒር ኩባንያ ዘንግ ጦርነቱ እንዳበቃ ገበያ ላይ ዋለ። በእንግሊዝ ደግሞ የኦልድበሪው የቱቦ ፋብሪካ አክልስ ኤንድ ፖሎክ ከብረት ቱቦ ዘንግ ያወጣ ነበር፤ ብረቱ ግን ዝገትን አልቻለም፤ ዘመኑም አልረዘመም።

የመስተዋት ቃጫ አይበሰብስም፣ አይጎብጥም፣ ርካሽም ነው። የተራው አጥማጅ እጅ የገባው የመጀመሪያው አስተማማኝ ዘንግ እርሱ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ሆኖም ቁጥሩን ለሚመለከት መሐንዲስ ግር የሚል ነገር አለ። በሙጫ የተያዘ የመስተዋት ቃጫ ግትርነቱ በግምት 40 ጊጋ ፓስካል ሲሆን ከውኃ በእጥፍ ያህል ይከብዳል። ቀርከሃ 20 ገደማ ቢሆንም ከውኃ ይቀልላል። ግትርነት በክብደት ሲካፈል እንግዲህ ፋብሪካው ተፈጥሮን አልበለጠም። መስተዋቱ ያሸነፈው በባዶ ቱቦነቱና በማይበሰብስነቱ ብቻ ነው። በ13 ጫማ ርዝመት ሲሠራም ወፍራም፣ ነፋስ የሚገፋውና ጫፉ የሚዘገይ ይሆን ነበር።

በእንግሊዝ የፋርንበሮ አውሮፕላን ምርምር ተቋም ውስጥ ዋት፣ ፊሊፕስና ጆንሰን የተባሉት ሦስት ባለሙያዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጠንካራውን የካርቦን ቃጫ የማምረቻ ዘዴ አገኙ። ሮልስ ሮይስ በዚህ ቃጫ የአርቢ211 ሞተርን የአየር ማራገቢያ ቅጠሎች ሊሠራ ተነሣ፤ ነገር ግን በ1970 የወፍ ግጭትን በሚመስል ፈተና ቅጠሎቹ ተሰባበሩ፤ ቲታንየም ተተካባቸው። ኩባንያውም በፌብሩወሪ 1971 ከሠረ። አውሮፕላኑ ያልተቀበለውን ቃጫ ስፖርት ተቀበለው። የጃፓኑ ቶሬይ በ1971 ለገበያ ማምረት ሲጀምር፣ በማግሥቱ በ1972 «አዩ» ለሚባለው የጃፓን ወንዝ ዓሣ የሚሆን ረጅም ዘንግ ከዚሁ ተሠራ። የዓሣ ዘንግና የጎልፍ ዱላ ገዢዎች ፋብሪካዎቹን ባያቆዩአቸው ኖሮ፣ ግማሽ ያህል ክብደቱ ቅይጥ ቁስ የሆነው ቦይንግ 787 መቼ እንደሚበር መገመት ያስቸግራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በ2012 ሲረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

በሙጫ የተያዘ የካርቦን ቃጫ ግትርነቱ 130 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን ክብደቱ ከውኃ በ1.6 እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ለክብደቱ ሲታይ ከቀርከሃም ከመስተዋትም ሦስትና አራት ጊዜ ይበረታል ማለት ነው። ዛሬ ባለ 13 ጫማ ዘንግ ከ200 ግራም በታች ይመዝናል። የትሬንት ጥያቄ ተመለሰ ቢባል ይቻላል፤ ነገር ግን መልሱ ዕዳ ይዞ መጥቷል። ቱቦው ስስ ስለሆነ፣ ድንጋይ የጫረው ቦታ ከጊዜ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። በዚህ ረገድ ግሪንሃርት ተመልሶ መጣ።

ዘንግ የሚመርጥ ሰው በሱቅ ውስጥ ባዶውን ዘንግ ማወዛወዙ ብዙ አያስተምረውም። መዘውሩን አስሮ፣ ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፎ፣ ጫፉን ለሌላ ሰው አስይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ይኖርበታል። መታጠፉ ከጫፍ ጀምሮ ወደ መካከል እየተላለፈ ከመጣ ቀጭን ክርን ይጠብቃል፤ በአንድ ቦታ ከተቀነጠሰ ግን አይጠብቅም። ከዳር ራቅ ብሎ በዘገምተኛ ውኃ ለሚጠመድ፣ ክሩ ከታች ብቻ ለሚታሰርበት ረጅም ተንሳፋፊ ለስለስ ያለ ዘንግ ይስማማል። ከላይና ከታች ለሚታሰረው የበትር ተንሳፋፊ ግን ፈጣን ጫፍ ያለው ይሻላል። ቀለበቶቹ ብዙና ከዘንጉ ራቅ ብለው የቆሙ ይሁኑ፤ እርጥብ ክር ከዘንጉ ጋር ከተጣበቀ ሩጫው ይገታልና። ጫፍ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ግራም እጀታ ላይ ከሚጨመሩት ብዙ ግራሞች ትከብዳለች፤ ርካሽ ዘንግ ሠሪዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ዕዳ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ደረቅ ቀርከሃና መስተዋት ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፉም፤ ካርቦን ግን ያስተላልፋል። ትሬንት በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የተሞላ ወንዝ ነበር። ከማመንጫዎቹ የሚወጣው ሞቅ ያለ ውኃ በክረምት ዓሣ ስለሚሰበስብ አጥማጁ የሚመርጠው ያንኑ አካባቢ ነበር። የ11 ሺህ ቮልት መሥመር በእንግሊዝ ደንብ ከመሬት ከ5.2 ሜትር በታች መውረድ አይፈቀድለትም። አራት ሜትር ዘንግ በቆመ ሰው እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ግን ከዚያ ከፍታ ያልፋል። መሥመሩን መንካትም አያስፈልግም፤ በቂ ቅርበት ካለ ብልጭታው አየሩን ዘልሎ ይመጣል። በካርቦን ዘንግ ምክንያት የሞቱ አጥማጆች አሉ። የሞቱትም አባቶቻቸው በቀርከሃ ዘንግ ያለ ሥጋት በቆሙባቸው ዳርቻዎች ዓይነት ቦታ ላይ ነው። የቁሱ ጠባይ ሲለወጥ ልማዱ አብሮ አልተለወጠም ነበር።

በትሬንት ዳር የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ራትክሊፍ በ30 ሴፕቴምበር 2024 ተዘጋ። የኤሌክትሪክ መሥመሮቹ ግን በወንዙ ዳርቻዎች እንዳሉ ናቸው። የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከመሥመር ሥር ብቻ ሳይሆን ከመሥመሩ ወደ ጎን 30 ሜትር እስኪርቁ ድረስ ማጥመድ እንደማይገባ ያስጠነቅቃሉ። ከካርቦን በተሠራ ዘንግ እጀታ አጠገብም የኤሌክትሪክ ብልጭታ የተሣለባት ትንሽ ምልክት ተለጥፋ ትሸጣለች።