በፊልም ቀረጻ ላይ የጦር መሣሪያ ጥንቃቄ ኃላፊነት

በፊልም ቀረጻ ወቅት በጦር መሣሪያ ለሚደርስ አደጋ ተጠያቂው ቃታውን የሳበው ተዋናይ ብቻ አይደለም። መሣሪያውን ያቀረበው፣ የፈተሸውና ቀረጻውን የመራው ሁሉ እንደየድርሻው ሊጠየቅ ይችላል።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም «ረስት» ለተሰኘው ፊልም በተደረገ ልምምድ፣ ተዋናይ አሌክ ባልድዊን ከያዘው ሽጉጥ የወጣ እውነተኛ ጥይት የካሜራ ባለሙያዋን ሃሊና ሃቺንስን ገድሏል። የመሣሪያ ኃላፊዋ በ2016 ዓ.ም የ18 ወር እስራት ሲፈረድባት በባልድዊን ላይ የቀረበው ክስ በዚያው ዓመት ተዘግቷል። አረር የሌለው ጥይትም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ በ1985 ዓ.ም ተዋናይ ብራንደን ሊ የሞተው አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ አረር በባሩዱ ኃይል ተገፍቶ በመውጣቱ ነበር።

በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ደንግጓል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ግን እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ማክሰኝትና በአካባቢዋ ጠመንጃ የአርሶ አደሩ የክብር ዕቃ ነው። በመሆኑም ለቀረጻ በውሰት የሚመጣ መሣሪያ በሌላው ቀን በእውነተኛ ጥይት የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ባዶ ነው ማለቱ በቂ አይሆንም፤ ካዝናው ወልቆ፣ አፈሙዙም ተፈትሾ ተዋናዩ በዓይኑ ሊያየው ይገባል።