የኒው ዮርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኅዳር በሽታ ዘመን

በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካን ሲያጠቃ አብዛኞቹ የአገሪቱ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። ቦስተን፣ ፊላደልፊያና ሎስ አንጀለስ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ኒው ዮርክና ቺካጎ ግን ትምህርት አላቋረጡም። ውሳኔው ወላጆችንም ሐኪሞችንም አከራከረ።

የኒው ዮርክን ውሳኔ ለመረዳት ሃያ ዓመት ያህል ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1897 በትምህርት ቤቶች የሐኪም ምርመራ ጀመረች። ትራኮማ፣ እከክ ወይም ቅማል የተገኘበት ልጅ ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይባረር ነበር። ብዙዎቹ ወላጆች ስደተኞች በመሆናቸው ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም፤ ልጁም ሳይታከም ይውልና ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ከተለቀቁ ጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1902 ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ተመደበች። ቀላሉን ሕመም እዚያው ታክማለች፤ ከዚያም የድሆችን መኖሪያ ፎቆች ደረጃ እየወጣች ለእናቶች የሕክምናውን አሠራር ታሳያለች። ሙከራው ስለተሳካ ሌሎች ነርሶች ተቀጠሩ፤ በሕመም ምክንያት የሚባረሩት ተማሪዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅጉ ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 በዶክተር ጆሴፊን ቤከር የሚመራ የሕፃናት ጤና ቢሮ ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ግን የወላጆችን ፍርሃት አላጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1916 የፖሊዮ ወረርሽኝ በከተማዋ ከ2,000 በላይ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ሕፃናትን፣ ሲገድል አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሸሹ። አጎራባች ከተሞች የጤና ምስክር ወረቀት ያልያዘ የኒው ዮርክ ልጅ እንዳይገባባቸው ከለከሉ። የትምህርት መክፈቻውም ወደ መስከረም መጨረሻ ተራዘመ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንፍሉዌንዛው ሲመጣ የጤና ኮሚሽነሩ ዶክተር ሮያል ኮፕላንድ የቤከርን ምክር ተቀብለው ትምህርት ቤቶቹ እንዳይዘጉ ወሰኑ። ከአንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች 750,000 ያህሉ በተጨናነቁ የኪራይ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ልጆቹ ከእነዚህ ቤቶች ይልቅ አስተማሪና ነርስ በየቀኑ በሚያዩዋቸው ሰፊና አየር በሚገባው ክፍል ቢውሉ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ሳይሰበሰቡ በቀጥታ ወደ ክፍል ይገባሉ፤ አስተማሪዋ ጠዋት እያንዳንዱን ልጅ ትመለከታለች። ምልክት የታየበት ተለይቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ቤቱ ለማስታመም የማይመች ከሆነም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ሁሉም ሰው በዚህ አልተስማማም። ቀድሞ የከተማዋ የጤና ኮሚሽነር የነበሩት ሲጊስመንድ ጎልድዋተር ውሳኔውን ነቀፉ። በቺካጎም ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ቤት አስቀሩ፤ በዚህም ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ተማሪዎች ቁጥር በግልጽ ጨመረ።

በዚያ ወቅት ኒው ዮርክ ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ። ከአንድ ሺህ ነዋሪ የሞቱት ሲሰላ ግን የኒው ዮርክ 4.7፣ የቦስተን 6.5፣ የፊላደልፊያ 7.3 ነበር። ልዩነቱ ትምህርት ቤቶቹ ክፍት በመሆናቸው ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና 43 ከተሞችን ያነጻጸረ ጥናት ትምህርት ቤት መዝጋትና ስብሰባ መከልከል በጊዜ ተጀምረው ሲዘልቁ የሞት ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ የኒው ዮርክ ታሪክ «ትምህርት ቤት አይዘጋ» ለሚል መከራከሪያ ሊሆን አይችልም። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። መንግሥት በወረርሽኝ ወቅት ወላጅን «ልጅህን ስጠኝ» ማለት የሚችለው በደኅናው ዘመን ነርሷ የዚያን ወላጅ በር ካንኳኳች ብቻ ነው።