ከባልጩት ጠመንጃ እስከ በርበሬ ርጭት
ድብን ለመከላከል የተደረገ የመሣሪያ ምርጫ አጭር ታሪክ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ድብ በመጽሐፍ እንጂ በዱር የሚያውቀው አውሬ አይደለም። ዳዊት በእረኝነቱ ዘመን አንበሳና ድብ መግደሉን እየሰማ ያደገ ሰው፣ እንስሳው በሀገሩ ጫካ ስለማይገኝ፣ ጠባዩን የሚያጠናበት ምክንያት አልነበረውም። በሰሜን አሜሪካ ግን የደን ሠራተኛው፣ ቀያሹና የጂኦሎጂ ባለሙያው ወደ መስክ በወጡ ቁጥር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ድብ ቢመጣብኝ በምን እከላከለዋለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰዎች በብዛት ያወዳደሩት የመሣሪያውን ጉልበት ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን የሰውን ዕጣ ብዙ ጊዜ የወሰነው መሣሪያውን ለማንሣትና ለመጠቀም የሚፈጀው ጊዜ እንደ ነበረ ይገለጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1804 ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክ የመሩት የአሳሾች ጓድ የሚዙሪን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። የሀገሩ ተወላጆች በስተምዕራብ ስለሚኖረው ታላቅ ድብ አስጠነቀቋቸው፤ እነርሱም ይህን አውሬ ለመግጠም ስድስት፣ ስምንት ወይም ዐሥር ሆነው እንጂ በተናጠል እንደማይወጡ ነገሯቸው። ሉዊስ ግን ፍርሃቱ የመጣው ከቀስትና ከደካማ ጠመንጃ መሆኑን ገምቶ፣ ጥሩ መሣሪያ ለያዘ ጎበዝ ተኳሽ ድቡ የተባለውን ያህል እንደማያስፈራ በማስታወሻው ጻፈ። ይህ እምነቱ ብዙ አልቆየም። በሜይ 5 ቀን 1805 ክላርክና አንድ አዳኝ የገደሉት ድብ በዐሥር ጥይት ተመትቶ፣ ከእነዚህም አምስቱ ሳንባውን በስተውት፣ እስከ ወንዙ አጋማሽ ዋኝቶ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስድስት አዳኞች አንድ ድብ ከበቡ፤ አራቱ ተኩሰው ሁለቱ ጥይታቸውን ለክፉ ቀን አቆዩ። የቆሰለው ድብ ግን አባረራቸው። ሁለቱ መሣሪያቸውን ጥለው ከገደል አፋፍ ወደ ወንዝ ዘለሉ፤ ድቡም ተከትሏቸው ገባ። ያተረፋቸው ከዳር የቆመ ጓደኛቸው ራሱን መትቶ መግደሉ ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ግልጽ ነበር። የዘመኑ ጠመንጃ በባልጩት ብልጭታ የሚተኩስ፣ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ፣ በአንድ ተኩስ ባዶ የሚሆን መሣሪያ ነበር። እንደ ገና ለማጉረስ ለሠለጠነ ሰው እንኳ ብዙ ሴኮንዶች ያስፈልጉታል። ድብ ግን በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ለመሮጥ ይችላል፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ ከዐሥር ሜትር በላይ ማለት ነው። ሉዊስ ራሱ በጁን 14 ቀን ይህን በሕይወቱ ተማረው። ብቻውን ሆኖ አንድ ጎሽ ከተኮሰ በኋላ ጠመንጃውን ማጉረስ ረሳ፤ ዘወር ሲልም አንድ ድብ በሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ሲጠጋው አየ። ጠመንጃው ባዶ ነበር፤ የሚወጣበት ዛፍም አልነበረም። ሮጦ ወደ ወንዙ ገባና ውኃው ወገቡ ሲደርስ ዞሮ ጦሩን ደገነ። ድቡም በድንገት ፊቱን መልሶ ሸሸ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የመሣሪያው ነገር ተለወጠ። በሀገራችን ናስማስር በውጅግራና በምንሽር እንደ ተተካ ሁሉ፣ በአሜሪካም በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ቦታውን ለተደጋጋሚ ተኳሹ ለቀቀ። በ1886 የወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ ታላላቅ ጥይቶችን ሳያቋርጥ ይተኩስ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተሸነፈው ድቡ ነው። ጠመንጃ፣ ወጥመድና መርዝ ተባብረው ከአላስካ በስተደቡብ ባሉት የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ሃምሳ ሺህ ያህል ይሆን የነበረውን ታላቅ ድብ ከአንድ ሺህ በታች አወረዱት። በካሊፎርኒያ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ሥዕሉ ሲቀር እንስሳው ራሱ ከ1924 ወዲህ አልታየም። በመጨረሻም በ1975 በእነዚህ ግዛቶች የቀረው ድብ በሕግ እንዲጠበቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ መሣሪያ የሚመርጠው ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የአውሬውንም ማሰብ ነበረበት።

በአላስካ ግን ድቡ አልጠፋም፤ የመስክ ሠራተኛውም ቁጥር እየበዛ ሄደ። በኦገስት 1977 አንዲት የመንግሥት የጂኦሎጂ ባለሙያ ብቻዋን ድንጋይ ስትመረምር፣ አንድ ጥቁር ድብ በጥቂት ሜትር ርቀት ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ አለባት። ጮኸች፤ አጨበጨበች፤ ድቡ ግን ጥሎ ነከሳት። መሣሪያ አልያዘችም ነበር። በሬዲዮ ሄሊኮፕተር ጠርታ ሕይወቷ ቢተርፍም ሁለቱንም እጆቿን አጣች፤ ከዚያም በሰው ሠራሽ እጆች ወደ ሙያዋ ተመለሰች። ጠመንጃ ይዛ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበርን? በእንዲህ ያለ ቅርበት ለዚህ ጥያቄ እርግጠኛ መልስ መስጠት አይቻልም። ይሁን እንጂ ለመስክ ሠራተኛ የመሣሪያ ነገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አለመሆኑን አደጋው አሳየ።

በ1983 የዩናይትድ ስቴትስ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች በአላስካ ለሚሠሩ ሰዎች የሚበጀውን ለመለየት ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን በቅርብ ርቀት ተኩሰው የፈተኑበትን ጥናት አወጡ። ከባድ ጥይት የሚተኩሱት ረዣዥም ጠመንጃዎች በግንባር ቀደምትነት ተሰለፉ፤ በ1955 ወጥቶ ዝናው የገነነው 44 ማግነም ሽጉጥ ግን ከእነርሱ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በጉልበት ረገድ ጥያቄው የተመለሰ መሰለ። ሆኖም ኀይለኛው ጠመንጃ ርግጫውም ኀይለኛ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚተኩስ ሠራተኛ ርግጫውን ፈርቶ ቢስት የጥይቱ ክብደት አይጠቅመውም።

በዚያው ዘመን በሞንታና ዩኒቨርሲቲ ጭምር በተደረገ ጥናት ሌላ መንገድ ተገኘ። ይኸውም በርበሬን የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር በቆርቆሮ አምቆ በድቡ ዐይንና አፍንጫ ላይ መርጨት ነው። በ2008 የታተመ ጥናት በአላስካ ርጭቱ ጥቅም ላይ የዋለባቸውን 83 አጋጣሚዎች መርምሮ፣ በታላቁ ቡናማ ድብ ላይ በ92 ከመቶው እንደ ሠራ አመለከተ። በ2012 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1883 እስከ 2009 ጠመንጃና ሽጉጥ የተያዙባቸውን 269 አጋጣሚዎች ተመለከተ። ረዣዥም ጠመንጃዎች በ76 ከመቶ፣ ሽጉጦች በ84 ከመቶ ተሳክቶላቸዋል። በፈተናው የተናቀው ሽጉጥ በጫካው ከጠመንጃ አላነሰም። መሣሪያ ከከሸፈባቸው ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው ለመተኮስ ጊዜ ማጣት ነበር። የሁለቱ ጥናቶች አጋጣሚዎች በአሰባሰብም ሆነ በክብደት ስለሚለያዩ ቁጥራቸውን ጎን ለጎን አቁሞ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ርጭቱም ቢሆን ጉድለት አለው፤ ነፋስ ይመልሰዋል፤ ከጥቂት ሜትሮች በላይም አይደርስም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ጠመንጃ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ብዙ ሰዎች በጠመንጃ ድነዋል። ነገር ግን በከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ርጭትም ሆነ በድንኳን የተረሳ ጠመንጃ ከሉዊስ ባዶ መሣሪያ አይሻልም። ምርጫው መጀመር ያለበት ከመሣሪያው ሱቅ ሳይሆን ከመስኩ ጠባይ ነው፤ ምግብን ከመኝታ አርቆ ማስቀመጥ፣ በጥሻ ውስጥ ድምፅ እያሰሙ መሄድ፣ በተቻለ መጠን ብቻን አለመውጣት ይቀድማል። ተወላጆቹ ለሉዊስ የነገሩትም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ እርሱ ስለ ጠመንጃ ሲያስብ እነርሱ አብሮ ስለሚወጣው ሰው ቁጥር ይነግሩት ነበር።