የወረቀት ሮኬት

በ1961 ዓ.ም. የቡሄ ሰሞን የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በእኛ ሰፈር ቡሄ ያለ ጅራፍና ያለ ቁልፍ አይደምቅም ነበር። ጅራፉን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁልፉን ግን የዛሬ ልጆች የሚያውቁት አይመስለኝም። ከእናት ቁም ሣጥን የተሰረቀ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ የክብሪት ባሩድ ይጎርስና ከግንብ ጋር ሲላተም «ጧ!» ይላል። ጩኸቱ የእኛ፣ ቁጣው የእናቶቻችን ነበር።

የዚያ ዓመት ቡሄ ግን ከሌላው ይለያል። ሐምሌ 13 ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፎ፣ ሁለት አሜሪካውያን ጨረቃ ላይ ወርደዋል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ልክ በወሩ መሆኑ ነው። ከሽማግሌዎቹ «ይህስ ውሸት ነው» ያሉ ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ ግን አመንን። አምነንም አልቀረን፤ ቁልፉን ንቀን ሮኬት ልንሠራ ተነሣን።

ቧንቧውን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። ቤታችን ውሃ ሲገባ የተረፈ፣ ስንዝር የማይሞላ የብረት ቁራጭ ነው። ክብሪቱን የለኮሰው በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ጓደኛዬ ነበር። ሮኬቱ ከመሬት አልተነሣም፤ ፈነዳ። ጓደኛዬ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹን አጣ። እናቱ «ብረቱን ማን ነው ያመጣው?» እያሉ ሲጮኹ ከሰው መሐል ቆሜ ዝም አልሁ። በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ቁልፍ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ተገረፍን፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ለምን እንደ ፈነዳ ግን የነገረን ወላጅም ሆነ አስተማሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሮኬት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የኖርሁት ያንን መልስ ፍለጋ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ እናት ልጆች

ሮኬትና ቦምብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ነዳጅ ይነድዳል፤ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። ልዩነታቸው አንዲት ቀዳዳ ናት። የሮኬቱ ቀዳዳ የሚፈጠረውን ጋዝ ያህል ካስወጣች ጋዙ ወደ ኋላ ሲሄድ ሮኬቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ከጠበበች፣ ወይም ነዳጁ ከልኩ በላይ ከፈጠነ፣ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ዕቃውን ይሰብራል። እኛ ልጆቹ ጠንካራ ዕቃ ደኅና መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ብረት ብዙ ግፊት ችሎ ይቆይና በመጨረሻ ሲሸነፍ ያን ሁሉ ኃይል በስባሪው አሳፍሮ ይልካል።

ይህ የእኛ ሰፈር ስሕተት ብቻ አልነበረም። ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን ካመጠቁ በኋላ የአሜሪካ ልጆች በየጓዳቸው ቧንቧ መጠቅጠቅ ጀምረው ነበር። ጣታቸውን ያጡ አሉ፤ ዓይናቸውን ያጡ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ከእነዚያ ልጆች መካከል ታሪኩ በሰፊው የታወቀው የዌስት ቨርጂኒያው ሆመር ሂካም ነው። ኮልዉድ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ሮኬቱን የሠራው ከእጅ ባትሪ ቀፎና ከርችት ባሩድ ሲሆን፣ ሰማይ መድረሱ ቀርቶ የእናቱን የጽጌረዳ አጥር አፈረሰ። እስከዚህ ድረስ የእርሱና የእኛ ታሪክ አንድ ነው።

መንገዳችን የሚለያየው ከአጥሩ በኋላ ነው። የማዕድኑ የብረት ሠራተኞች ለሆመርና ለጓደኞቹ ቱቦውን በቶርኖ አስተካክለው ይሠሩላቸው ጀመር። ፍሪዳ ራይሊ የምትባል አስተማሪያቸው ስለ ሮኬት አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ ሰጠቻቸው። ከመንደሩ ራቅ ያለ የከሰል ጥራጊ የሚደፋበት ሜዳ ተፈቀደላቸው፤ እዚያ መከለያ ሠርተው፣ ከውስጡ ሆነው በኤሌክትሪክ ይለኩሱ ነበር። በ1960 በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር አሸነፉ። በዚያው ዓመት በሰኔ የተኮሱት የመጨረሻ ሮኬት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። ነገሩን ሲቃወም የቆየው የማዕድኑ ኃላፊ አባቱም በዚያ ቀን መጥቶ የመተኮሻውን ቁልፍ እንደ ተጫነ ሂካም በ1998 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ሂካም ኋላ በናሳ መሐንዲስ ሆኗል።

ታሪኩ ልብ ይነካል። ሆኖም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እነ ሆመር ብርቱ ረዳት ብቻ ሳይሆን ብርቱ ዕድልም ነበራቸው። ቶርኖ የሌለው፣ ሜዳ የሌለው፣ አስተማሪ የሌለው ልጅስ ምን ያድርግ?

ጫማ ሻጩ

መልሱ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ኦርቪል ካርላይል በነብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር ነበረው። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ርችት በመሥራት ነበር፤ ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ይሠራ ነበር። በ1954 የሁለቱ ዕውቀት ተዋሐደና አንዲት ትንሽ ሮኬት ተወለደች። አካሏ የወረቀት ቱቦ፣ ክንፎቿ ባልሳ የሚባል ላባ የመሰለ እንጨት፣ ሆዷ ውስጥ የታጠፈ ዣንጥላ። ባሩዱ ተጠቅጥቆ የሚገባው በተለየ የወረቀት ቀለህ ነበር፤ ነዶ ሲያልቅ ቀለሁ ይጣልና ሌላ ይተካል። ብረት የሚባል ነገር አልነበራትም ማለት ይቻላል። ብትፈነዳ የምትበትነው ብጥስጣሽ ወረቀት ነው።

በ1957 ሃሪ ስታይን የተባለ፣ በኒው ሜክሲኮ የሮኬት መሞከሪያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው፣ ባለሙያዎች ሮኬትን በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚይዙ በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈ። ካርላይል ይህን አነበበና ከሮኬቶቹ ጥቂቱን ላከለት። ስታይን ተኩሶ አያቸው፤ የጠፋው መልስ ይህ መሆኑንም ተረዳ። በኮሎራዶ ኩባንያ አቋቋመ፤ የጥንቃቄ ደንብም ጻፈ። የደንቡ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ አካሉ ከወረቀት፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ ይሁን። ሁለተኛ፣ ነዳጁን ልጅ አይቀምም፤ ሞተሩ በፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ቨርነን ኤስተስ የሚባል የርችት ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ሞተር የሚጠቀጥቅ መኪና ሠራ። የሞተሩም የጋዝ መውጫ ሳይቀር ብረት ሳይሆን ሸክላ ነበር።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. እኛ ብረት ስንፈልግ፣ የወረቀቱ ሮኬት ከተወለደ 15 ዓመት አልፎት ነበር።

ካርቶንና ኮላ

«ታዲያ ሁሉንም ፋብሪካ ከሠራው ለልጁ ምን ቀረለት?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዋናው ነገር ቀረለት። ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚዛኑ ነጥብ ነፋሱ ከሚገፋበት ነጥብ ወደ ፊት መቅደም አለበት፤ ልማዱም ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት ያህል ነው። ቀስት ከፊቱ ብረት፣ ከኋላው ላባ የሚደረግለት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1966 ጄምስ ባሮውማን የሚባል መሐንዲስ ይህን በተማሪ ሒሳብ ማስላት የሚቻልበትን ቀመር አቀረበ። ሒሳብ ያልሆነለትም ሮኬቱን በሚዛኑ ነጥብ ላይ በሲባጎ አስሮ ከራሱ በላይ ያሽከረክረዋል፤ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ደኅና ነው፤ ከተወላገደ ክንፉ ይጨመርለታል ወይም አፍንጫው ይከብድለታል።

ሞተሮቹ በላቲን ፊደል ተራ ይሰየማሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል የቀዳሚውን እጥፍ ኃይል ይይዛል። ስምንተኛው ፊደል «ኤች» ላይ ሲደርስ «ከፍተኛ ኃይል» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ለልጅ አይሸጥም፤ አዋቂም ቢሆን በማኅበር አባላት ፊት ሮኬቱን ተኩሶ፣ በደኅና መልሶ ሲያሳይ ነው የሚፈቀድለት። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። አካሉ ግን ያው የቤት ዕቃ ነው፦ የምንጣፍ መጠቅለያ ካርቶን፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ የናይለን ጨርቅ።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ያሳየው የኦሃዮው ስቲቭ ኢቭስ ነው። ሙያው የተጋጨ መኪና አካል ማቃናት ነበር። በመኪና ማቆሚያ ቤቱ ውስጥ፣ ሰዎቹን ወደ ጨረቃ የወሰደችውን ሳተርን 5ን በአንድ አሥረኛ መጠን ከኮምፔንሳቶና ከፋይበር ግላስ ሠራት። ቁመቷ 11 ሜትር፣ ክብደቷ 748 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 2009 በሜሪላንድ፣ በአንድ የእርሻ ሜዳ ላይ፣ በዘጠኝ ሞተሮች ተነሥታ ከ1,300 ሜትር በላይ ወጣች፤ በዣንጥላም ተመለሰች። የጨረቃው ጉዞ 40ኛ ዓመት ነበር።

ባለፈው ቡሄ ጓደኛዬን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጡረታ ወጥቷል፤ ዕድሜ ልኩን በግራ እጁ ሲጽፍ ኖሯል። ይህን ሁሉ ነገርሁት፤ ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ጫማ ሻጩ፣ ስለ ወረቀቱ። በመጨረሻም ሲከብደኝ የኖረውን አወጣሁ፦ «ብረቱን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስታመጣው አላየሁህም እንዴ? እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ጠይቃኛለች።»

ወዲያው የልጅ ልጁን ጠራና አሮጌ ጋዜጣና ኮላ እንዲያመጣ አዘዘው። ቱቦውን ጠቅልለን እስኪደርቅ ድረስ ሙልሙል ዳቦ በላን። ሞተር የለንም፤ መቼም አይኖረን ይሆናል። ልጁ ግን ሮኬቷን በሲባጎ አስሮ ግቢው መሐል ሲያሽከረክራት፣ መጀመሪያ ተወላገደች፤ ክንፍ ጨመርንላት፤ በሦስተኛው አፍንጫዋን አቅንታ ዞረች። «ለምን ቀና?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ በሦስት ጣት እጁ ሮኬቷን ያዘና ያስረዳው ጀመር።