የመምህሩ ወንበር

የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ናይሮቢ ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጩ። አንደኛው 44 ሰዎች ያሳፈረ ዳሽ 8 ነበር፤ ወደ ተነሣበት ዊልሰን ማረፊያ ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሁለተኛው ለበረራ ማሠልጠኛ የሚያገለግል ትንሽ ሴስና 172 ነበር። ውስጡ የነበሩት አሠልጣኝና ሠልጣኝ ሁለቱም ሞቱ።

የማሠልጠኛ ሰማይ ጠባብ ነው። ጀማሪዎች በአንድ ማረፊያ ዙሪያ ሲነሡና ሲያርፉ ይውላሉ። ሬዲዮ ቢኖርም በትንንሽ አውሮፕላኖች ዘንድ አንዱ ዋና መከላከያ የአብራሪው ዓይን ነው። ዓይንን ደግሞ ክንፍም ይጋርደዋል፣ ፀሐይም ይጋርደዋል። ተማሪው ሲሳሳት ዋጋውን ብቻውን አይከፍልም፤ አጠገቡ የተቀመጠው መምህርም አብሮት ይከፍላል።

ኢትዮጵያ ለዚያ ወንበር ባለዕዳ ናት።

ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ያደጉት በአሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። ቺካጎ የሚገኘው የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ሲላቸው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ክፍሉን እየጠረጉ ትምህርቱን አዳመጡ። በኋላም ተማሪ ሆነው ገቡና ተመረቁ።

ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ኢትዮጵያ መጡ። ያገኙት ጥቂት ያረጁ አውሮፕላኖችን ነው፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ መልእክት ለማድረስ ሄደው እዚያው ነበሩ። ዓለም “ቡናማው ኮንዶር” እያለ ያወቃቸው በዚያ ጦርነት ነው።

ትልቁ ሥራቸው ግን ከድሉ በኋላ የመጣው ነው። ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማብረር አስተማሩ። ኋላ ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ጋር ተጋጭተው ከኃላፊነታቸው ቢለቁም፣ አገሪቱን ለቀው አልሄዱም።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ሮቢንሰን ያበሯት የነበረችው ኤል 5 ስቲንሰን የተባለች ቀላል አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። እንደ ናይሮቢዋ ከሌላ አውሮፕላን ጋር አልተጋጨችም። ለታካሚ ደም ለማድረስ እየበረሩ እንደነበር ይነገራል። አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። በጣሊያን ቦምብ ሥር ያለፉት ሰው የመጨረሻ በረራቸውን ያደረጉት ከጣሊያናዊ ጋር ነበር። እሳቸውም ከደረሰባቸው ጉዳት ሳያገግሙ በሁለት ሳምንታቸው አረፉ፤ ጉለሌም ተቀበሩ።

ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሮቢንሰን የኢትዮጵያ አየር መንገድን መሠረቱ ሲባል ይነበባል። አየር መንገዱ ግን የተመሠረተው ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። ይህን ማረም ሮቢንሰንን አያሳንሳቸውም። ያልሠሩትን ስንሰጣቸው የሠሩትን እንረሳባቸዋለን። የሠሩት ማስተማር ነው። የማስተማር ሥራ ደግሞ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውምና ቶሎ ይዘነጋል።

ዛሬ አብራሪ ለመሆን የሚመኝ የቦንጋ ልጅ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገውም፤ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ነው። እዚያ የሚገባው መጥረጊያ ይዞ ሳይሆን ደብተር ይዞ ነው። ይህ እንዲሁ በነጻ የመጣ እንዳይመስለው ታሪኩን ማወቅ አለበት።